ሽታ የሌለው ሶዳ

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ሻምፑዬን ለትህትና ሰጠኋት። ገና ግማሹ አለ። ጠርሙሱን አገላብጣ አየችና "ምነው ሰጊ፣ ጊዜው አልፎበታል እንዴ?" አለችኝ። ሽታው አልተስማማኝም አልኳት። ውሸት አይደለም። ማክሰኞ ክዳኑን ስከፍተው የኮኮናቱ ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ ጸጉሬን ሳላስነካው ደጅ ወጥቼ ግድግዳ ይዤ ቆየሁ። ጨጓራዬ ነው። በልግ ሲገባ ይነሣብኛል።

ትህትና የሒሳብ መምህራችን ናት፤ ወጣት ናት፣ ስልኳ ከእጇ አይለይም። በዕረፍት ሰዓት አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንዲት ልጅ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣ ጸጉሯን ትታጠባለች። "ኬሚካል የለው፣ ሽታ የለው፣ ተፈጥሯዊ!" አለች፣ እሷ ራሷ የፈለሰፈችው ይመስል።

ሽታ የለው። እኔን የያዘኝ ይህ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ከሳዲያ ሱቅ ሶዳ ገዛሁ። ጾም ላይ ናት፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ቀልዷ ግን አልደረቀም። "ዛሬ ዮሴፍ ከሁምቦ ይመጣል አይደል? ኬክ ልትጋግሪለት ነው?" አለች። አዎ አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ለጸጉሬ ነው ብል ምን ትለኝ ነበር?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ዛሬ ታጠብኩበት። ሁለት ማንኪያ ሶዳ፣ ለብ ያለ ውሃ በጣሳ። አረፋ የለውም፤ ጣት ላይ ግን እንደ ሳሙና ያዳልጣል። ሳለቀልቀው ጸጉሬ ቀለለኝ። ስጨብጠው ሲጥ ሲጥ ይላል። የስንት ጊዜ ቅባትና አቧራ ነው የወረደው! ቪዲዮው መጨረሻ ላይ በአቸቶ አለቅልቁት ይላል። አቸቶውን ከፍቼ ወዲያው ዘጋሁት። ያለ እሱም ይሆናል።

ዮሴፍ ፊቱን ጸጉሬ ውስጥ ቀብሮ "ምንም አትሸቺም" አለኝ።

"ምንም?"

"ምንም። እንደ ዝናብ ውሃ።"

ደስ አለኝ። ባሌ ሁምቦ፣ ተበላ በምትባል ከተማ ነው የሚያስተምረው፤ ሰኞ ማለዳ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ዓርብ ማታ ይመለሳል። ያሉንን ሁለት ቀናት በሕመም ወሬ ማበላሸት አልፈልግም። ስለ ጨጓራዬ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው አማርኛ ስለማስተምር ብቻ አይደለም። ወላይትኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ በእሱ ከጻፍኩ አለቅሳለሁ። አማርኛ የሥራ ልብሴ ነው። ስለብሰው ቀጥ ብዬ እቆማለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ውሃ መጣ። ጄሪካኖቹን ሞላሁ። የአከራዬ ሽንኩርት ሽታ ጸጉሬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ታጠብኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንዱ ምሳውን በዳጣ፣ ነጭ ሽንኩርት በሚሸተው የቃሪያ ማባያ፣ በላ። ከሰዓት ስድስተኛ ክፍልን አጽፌያቸው እኔ መስኮት ላይ ቆምኩ። ቤት ስገባ ታጠብኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ሳዲያ ለዒድ ከሠራችው ላከችልኝ። ክዳኑን ሳልከፍት ለአከራዬ ልጆች ሰጠሁ። ሳህኑን ስመልስ "ጣፈጠሽ?" አለችኝ።

"በጣም።"

ዐይኗ ፊቴ ላይ ቆየ። "ከስተሻል" አለች። ጨጓራዬ ነው አልኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ከአምልኮ በኋላ አንዲት እኅት ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። "ያዢው፣ ይጋባል" አለች፣ በደግነት ነው። ያዝኩት። ሕፃኑ ጸጉሬን ጨምድዶ ሲስቅ ሁሉም ሳቁ። ወደ በሩ ስሄድ ግን ከኋላዬ "የጥቅምቷ እኮ ናት፣ ምስኪን" የሚል ሰማሁ።

የጥቅምቷ። ስም ወጥቶልኛል።

ስለ ጥቅምት እዚህ አልጽፍም ብዬ ነበር። አጭር ነው። አራተኛ ወሬ ላይ ነበርኩ። አማቴ እማማ ቦሼ በደስታ አበዱ፤ ለቦዲቲ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ተናገሩ፣ ለቤተ ክርስቲያናቸው ተናገሩ፣ ጉባኤው ቆሞ አመሰገነ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሁሉም አለቀ። እንባውን ዮሴፍ አብሮኝ አለቀሰው። ብቻዬን የተሸከምኩት መልሶ መንገሩን ነው። ገበያ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ "እሺ፣ እንዴት ነው፣ ገፋ?" ለሚሉኝ ሁሉ አንድ በአንድ "የለም፣ አልሆነም" ማለት። እነሱ ሲደነግጡ ደግሞ እነሱን ማጽናናት። ከዚያ በፊትም አንድ ነበር፣ ገና ሳይታወቅ የሄደ።

በቃ። ነገ የፈተና ጥያቄ ማውጣት አለብኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

ማበጠሪያው ላይ ጸጉር አለ። የተነቀለ አይደለም፣ የተሰበረ ነው፤ አጭር አጭር፣ እንደ ገለባ። የራስ ቆዳዬም ይቆጠቁጠኛል። ትህትናን ብጠይቃት "ጸጉርሽ እየለመደ ነው፤ የቆየው ኬሚካል እየወጣ ነው ይላሉ" አለች። እነማን ናቸው የሚሉት?

ልቀንስ ብያለሁ። ግን ሽታው! ጭስ፣ ዘይት፣ የሰው ሽቶ፣ የዝናብ አፈር ሳይቀር ጸጉሬ ላይ ይቀመጣል። ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ? እኔ አፍንጫዬን እስካሁን ልብ አላልኩትም ነበር ማለት ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 28

መምህራን ማረፊያ ልገባ ስል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

"አይታችኋታል? ጸጉሯ እኮ አለቀ።"

"ሐሳብ ነው። የሴት ሐዘን በጸጉሯ ነው የሚወጣው።"

"ባሏስ ቢሆን? ዘመኑ እንደሆነ ክፉ ነው፤ ሁምቦ ብቻውን..."

ደወል እስኪደወል ደጅ ቆምኩ። ስለ ዮሴፍ የተባለው አላሳመመኝም፣ አውቀዋለሁ። ያሳመመኝ ጸጉሬ ነው። እንዲህ ስል ደግሞ አፍራለሁ። ስንት የሚያስጨንቅ ነገር እያለ እኔ ማታ ማታ የምጨነቀው ለጸጉር ነው! ልጅ ሆኜ እናቴ ደጃፍ ላይ ስትሠራኝ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውነቴ ላይ ሰው ያላዘነልኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ዛሬም ታጠብኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 5

ፋሲካው አለፈ። እንዴት እንዳለፈ ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት አልተኛም።

እማማ ቦሼ ቅዳሜ ከቦዲቲ መጡ፤ ቆጮ፣ ዶሮ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው። ሻሼን ሳወልቅ አዩኝና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ያሉትን በወላይትኛ ነው ያሉት፤ ወደ አማርኛ ስገለብጠው ይሳሳል።

"ያን ጸጉር ምን አገኘው?"

"ሶዳ ነው፣ እማማ። በሶዳ ስታጠብ..."

"በሚጠጣው?"

"አይ፣ በዳቦው።"

"ዳቦ ነሽ እንዴ አንቺ?"

ዮሴፍ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። እሑድ ከምሳ በኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እኔን እግራቸው ሥር አስቀመጡኝ። ቅቤውን ፈቱት። እጃቸው ለስላሳ ነው፤ ከእናቴ ወዲህ እንዲህ አድርጎ ራሴን የነካኝ ሰው የለም። ልቋቋመው ፈልጌ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ቅቤው ሲሞቅ ሽታው ወረደብኝ። ተነሥቼ ሮጥኩ። በሩን እንኳ ሳላልፍ አስመለሰኝ።

ጠርጌ ስመለስ እማማ ቦሼ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጃቸው በቅቤ እንደተለወሰ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።  ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ።

ሦስት ቀን ሊቆዩ የመጡ ሴት ዛሬ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፉ። "በጎቹን የሚያይልኝ የለም" አሉ። ቁርስ ብላቸው እምቢ። ስስማቸውም ፊታቸውን አዞሩ። ዮሴፍ መናኸሪያ አድርሷቸው ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቆመ።

"እናቴን ምን አደረግሻት?"

"ጨጓራዬ ነው፣ ትናንትም አልኩህ እኮ።"

"ጨጓራሽ የእናቴን እጅ ጠብቆ ነው የሚነሣው?"

 እሱም ወደ ሁምቦ ሄደ። እኔ ክፉ ምራት ነኝ። ከቦዲቲ ድረስ ቅቤ ተሸክመው የመጡትን ሴት ፊት...

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13

የቅቤው ሽታ እስካሁን ራሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሶዳውን አወፍሬ ደጋግሜ ታጠብኩ። ከጆሮዬ በላይ ያለው ጸጉር በእጄ ላይ ቀረ። የራሴ ቆዳ ተላጠ። ልጆቹ እንዳያዩ ሻሽ አስሬ አስተማርኩ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 16

ትህትና ቤቷ ወስዳ ቆረጠችልኝ። መቀሱን ይዛ መጀመሪያ እሷ ናት ያለቀሰችው።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ። ትናንት ቁጭ ብዬ አነበብኩ፤ ሶዳው ቆዳን ያደርቃል፣ ጸጉር ይሰባብራል የሚሉ ሞልተዋል። እኔ አንዷን ቪዲዮ አይቼ..."

"አንቺ በየቀኑ ታጠቢ አላልሽኝም። አቸቶውንም የተውኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን ተውሽው?"

"ይሸታላ።"

በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀች፤ ከዚያ መቁረጧን ቀጠለች። ጣት የሚያህል ቀረኝ። አንገቴ በረደኝ። ማታ ዮሴፍ መጥቶ በእጁ ዳሰሰው። "ያምራል" አለ። ከፋሲካ ወዲህ የተናገረኝ ደግ ቃል ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17

ሳዲያ ሶዳ አልሸጥልሽም አለችኝ።

"ለኬክ ነው" አልኳት።

"ወላሂ ሰጊ፣ ከዚያ ኬክ አንድ ቀን እንኳ ቀምሼ አላውቅም።" ከባንኮኒው ወጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ አራት ወልጃለሁ። ሳሙና ጠልቼ በውሃ ብቻ የታጠብኩበት ጊዜ አለ። ሽታ የጠላሽው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ጨጓራ ነው" ብዬ ወጣሁ። መንገድ ከተሻገርኩ በኋላ እንኳ "አብሽሪ!" ስትል ሰማኋት።

ሰው ለምን ቃል ያወጣል? አንድ ነገር ስም ካልተሰጠው፣ ቢሄድም ስም አይኖረውም። መልሶ መንገር የለም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

ደም። ትንሽ ነው። ትንሽ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ትንሽ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

ትናንት ከትምህርት ቤት ቀጥታ ሳዲያ ሱቅ ገባሁ። ደንበኞች ነበሩ። ባንኮኒው አጠገብ ቆምኩ። ሳዲያ ፊቴን አየችና ለአንዲት ሴት የምትመዝነውን ስኳር ሚዛኑ ላይ ትታ "ዛሬ ዘግተናል" አለች። በጠራራ ቀን፣ በገበያ ሰዓት! ባሏ ቡርሃን ከመጋዘን ብቅ ሲል በስልጢኛ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ምንም ሳይጠይቅ ባጃጅ ጠራ።

"ቀስ በል፤ እንቁላል ነው የጫንከው" አለችው ባለ ባጃጁን። በየጉድጓዱ እጄን ትጨምቀኛለች። ክሊኒኩ ውስጥ እኔ መናገር ሲያቅተኝ እሷ ተናገረች። ሐኪሙ የወር አበባ መጨረሻ ያየሁት መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀኑን ሳላመነታ ነገርኩት። ለካ አውቀው ኖሯል። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ቅባቱ ሆዴ ላይ ሲቀዘቅዝ ዐይኔን ጨፈንኩ። ዝም ያለ ክፍል ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ በጥቅምት ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ቁልፍ ነካ፤ ክፍሉ በድምፅ ሞላ። ፈጣን፣ የማያቋርጥ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። "ልቡ ነው" አለ። "ደህና ነው። የእንግዴ ልጁ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ደሙ ከዚያ ነው የሚሆነው። ከባድ አታንሺ፣ ዕረፍት አድርጊ።"

ሳዲያ "ማሻአላህ" ልትል አፏን ስትከፍት አፏን በእጄ ያዝኩት። እሷም መዳፌ ውስጥ አለችው። በእጄ ተሰማኝ።

ስንወጣ ሐኪሙ "ባለቤትሽ ያውቃል?" አለኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፣ እንደማያውቅ። "ይህን ብቻሽን ለምን ትሸከሚዋለሽ?" አለ። ከባድ አታንሺ ብሎኝ የለ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

ዮሴፍ ገብቶ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ እንዳለ "ጨጓራዬ አይደለም" አልኩት።

አንዱን ጫማ ይዞ ቀረ። ቀና አላለም።

"ስንት?" አለ፣ ለወለሉ።

"አራተኛ ወሬ ነው። ከትናንት በስቲያ ልቡን ሰማሁት።"

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። "ጠርጥሬ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ሻምፑውን ለሰው መስጠትሽን ሳውቅ ጠረጠርኩ። ብጠይቅ የሚጠፋ መሰለኝ። ሁምቦ ሆኜ በየማታው ልደውል እልና፣ ስልኩን አስቀምጣለሁ።"

ሁለታችንም ያንኑ ነገር በሁለት ከተማ ስንፈራ ከርመናል። በፋሲካ የተናገረኝን አስታውሶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ጠየቅሁት።

"ማን ያውቃል?" አለኝ።

"ሳዲያ።"

"ሳዲያ ቀደመችኝ?" እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ጫማውን መልሶ አሰረ፤ ጄሪካን ሊሞላ ወጣ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ደም የለም። ዮሴፍ ከሁምቦ በየቀኑ እየተመላለሰ ነው፤ ርእሰ መምህሩን ለምኖ። ትህትና ክፍሎቼን ያዘችልኝ፤ አልነገርኳትም፣ አልጠየቀችኝም። ጸጉሬን በውሃ ብቻ እታጠባለሁ። ቆዳዬ አገግሟል። ትናንት ሽሮ በላሁ፣ ሽታው ደስ አለኝ።

እማማ ቦሼ ከፋሲካ ወዲህ አልደወሉም። ዮሴፍ ሲደውልላቸው ስለ ዝናቡ አውርተው ይዘጋሉ። እኔን አይጠይቁም። ተቀይመውኛል። "ልንገራት?" ይለኛል ዮሴፍ። ቆይ እለዋለሁ። እሳቸው ካወቁ ቦዲቲ አወቀ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

አምስተኛ ወር። ሐኪሙ ሐሙስ ዕለት አይቶ ቦዲቲ መሄድ ትችያለሽ አለኝ። ዛሬ ሄድን።

እማማ ቦሼ ጓሮ እንሰት ሥር ነበሩ። ሲያዩን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ እንደ እንግዳ ጨበጡኝ። ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሻሼን አወለቅሁ። አጭሩን ጸጉሬን አዩት።

"እማማ፣ ያን ቀን ቅቤዎን ንቄ አይደለም..."

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"ያን ቀን አወቅሁ። ቅቤ ሸቷት የምትሮጥ ሴት አይቼ አላውቅም እንዴ? ስድስት ወልጃለሁ።"

ዮሴፍ "ታዲያ ምን ሆነሽ ተቆጥተሽ ሄድሽ?" አላቸው።

"ማን ተቆጣ? አፌን ይዤ ነው የሄድኩት!" ወደ እኔ ዞሩ። ዐይናቸው እንባ ሞልቷል። "ባለፈው እኔ ነኝ አገር ያሰማሁት። ከዚያ አንቺ ለሰው ሁሉ አንድ በአንድ ስትመልሺ አየሁሽ፣ ልጄ። እዚህ ገበያ ላይ ለቅቤ ነጋዴዋ ስትነግሪያት ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ያን ዕለት አፌን ረገምኩት። እናንተ ጋ ሶዶ አንድ ቀን ብጨምር ከደስታ ብዛት መስኮት ከፍቼ እጮህ ነበር። ስትስሚኝ እንኳ ፊቴን ያዞርኩት ጥርሴ እንዳይታይ ነው። ስልክም ብደውል ያመልጠኛል ብዬ ተውኩት። ለዚህ ለልጄ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ፈጠነች የምትባለዋ ጎረቤቴ ዝምታዬን አይታ 'ታመሙ ወይ?' ትለኛለች።"

 ይህን ሁሉ ሳምንት በእሳቸው ቅያሜ ራሴን ስበላ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ እዚህ ብቻቸውን ደስታቸውን አፍነው። ወርጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። መዳፋቸውን በአጭሩ ጸጉሬ ላይ አሳለፉ፣ ወዲህና ወዲያ፣ ቅቤ ሳይኖር።

"እንጸልይ" አሉ ቆይተው። "በቀስታ። ፈጠነች አጥሩ ሥር ጎመን ትቆርጣለች።"

በወላይትኛ ጸለዩ፤ በሹክሹክታ። ስለ እኔ፣ ስለ ዮሴፍ፣ ስለ "እንግዳው"። እያለቀስኩ ሰማሁት፤ አልተሰበርኩም። ጸሎቱ እየረዘመ ሲሄድ ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲታገሉት ይሰማኛል። ይህን ሁሉ ጊዜ የያዙት ነገር መጨረሻው ላይ አመለጣቸው፤ "አሜን!" ብለው የጮኹት ጩኸት ዶሮዎቹን ከደጃፍ በተነ።

ከአጥሩ ማዶ ወዲያው "ቦሼ! ኧረ ምን ተገኘ?" አለች ፈጠነች።

እማማ ቦሼ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንደ ጥፋተኛ ልጅ አዩኝ። ዮሴፍም አየኝ። 

"ይንገሯት" አልኳቸው።